የልጅ ኩላሊት ባዮፕሲ፦ ከመርፌው እስከ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፑ

«ዛሬ የልጅ ኩላሊት ባዮፕሲ አለን። ናሙናውን በምን ውስጥ እናድርገው?»

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ስልኬ ላይ ይመጣል። ባዮፕሲ ማለት ለምርመራ በመርፌ ትንሽ ቲሹ መውሰድ ነው። አንዳንዴ የሚጠይቀኝ መርፌውን የሚወጋው ሐኪም ነው፣ አንዳንዴ የላቦራቶሪ (ላብ) ቴክኖሎጂስቷ፣ አንዳንዴም ፓቶሎጂ (የቲሹ ምርመራ ሕክምና) ገና የጀመረ ሬዚደንት። ኔትወርክ እየተቆራረጠ በስልክ ከማስረዳ አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው ብያለሁ። ጅማና ዙሪያዋ ላይ ለምትሠሩ ነው የጻፍኩት። ሌላ ቦታ ያላችሁም ትጠቀሙበታላችሁ።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። የሰውነት መከላከያ የራሱን ኩላሊት ሲያጠቃ፣ ወይም በሌላ ቦታ የተፈጠረ የፀረ እንግዳ አካል ስብስብ ኩላሊት ላይ ሲያርፍ፣ የምንፈልገው እዚያ የተከማቸውን ፕሮቲን ነው። ሉፐስም (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት በሽታ)፣ የአይጂኤ ኔፍሮፓቲም (አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ኩላሊት ላይ የሚከማችበት በሽታ)፣ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የኩላሊት ብግነትም በተለመደው ቀለም ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የሚለያቸው የተከማቸው ምንድን ነው፣ የትስ ነው የሚለው ነው። ናሙና የሚጠበቅበት የተለመደው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ ደግሞ ፕሮቲኖችን እርስ በርስ አጣብቆ ይህንን ይሸፍንብናል። ስለዚህ ናሙናው ከመርፌው ወጥቶ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚገባበት ብልቃጥ የምርመራውን ግማሽ ይወስነዋል።

መጀመሪያ፦ ባዮፕሲ ያስፈልገዋል ወይ?

ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ ላቡ ግን ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ፊቱና እግሩ ያበጠ፣ ሽንቱ ብዙ ፕሮቲን ያለው የ4 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ ስቴሮይድ ይጀመርለታል። ወደ ባዮፕሲ የሚኬደው መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ነው። ከጉሮሮ ወይም ከቆዳ ኢንፌክሽን በኋላ ሽንቱ ኮካኮላ የመሰለ ልጅም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ባዮፕሲ ይድናል።

የሚያስቸኩሉት እነዚህ ናቸው፦ ሉፐስ ያለበት ልጅ ሽንት ላይ ፕሮቲን ሲታይ፣ ክሬቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማች ቆሻሻ) በቀናት ውስጥ ሲጨምር፣ በደም ውስጥ የወረደው ሲ3 (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ከ8 እስከ 12 ሳምንት አልፎም ወደ ቦታው አልመለስ ሲል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአልጋው ዳር፦
- ኖርማል ሳላይን፣ ንጹህ ጎዝ፣ የፔትሪ ሳህን
- ስለታም አዲስ ምላጭ እና ስቴኪኒ (ወረንጦ አይሁን፤ ምክንያቱን ታች ታገኙታላችሁ)
- ተራ ማይክሮስኮፕ ወይም ጥሩ አጉሊ መነጽር
- 10 በመቶ ቡፈርድ ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ
- ሚሼል ፈሳሽ (የተከማቸውን ፕሮቲን ሳይሸፍን ናሙናውን የሚጠብቅ) ያለበት ብልቃጥ
- ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የመላክ ዕድል ካለ ግሉታራልዴሃይድ (ለዚሁ ማይክሮስኮፕ ናሙና የሚጠብቅ ፈሳሽ) ያለበት ትንሽ ብልቃጥ

ለላቡ፦
- የፓራፊን ሥራ መሣሪያዎች፣ 2 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በትክክል የሚቆርጥ ማይክሮቶም
- የኤች ኤንድ ኢ፣ የፓስ፣ የጆንስ ሲልቨር እና የማሶን ትራይክሮም ማቅለሚያዎች
- ክራዮስታት (የቀዘቀዘ ቲሹ መቁረጫ)፣ ኦሲቲ (ቲሹው የሚቀዘቅዝበት ጄል)፣ አሴቶን፣ ፒኤቹ 7.2 እስከ 7.4 የሆነ ፒቢኤስ (ማጠቢያ ቡፈር)
- በኤፍአይቲሲ (አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም) የተያያዙ፣ እነዚህን የሚያገኙ ፀረ እንግዳ አካላት፦ አይጂጂ፣ አይጂኤ፣ አይጂኤም፣ ሲ3፣ ሲ1ኪው፣ ካፓ፣ ላምዳ፣ ፋይብሪኖጅን፣ አልቡሚን
- እርጥበት የሚይዝ ክዳን ያለው ሳጥን እና ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ

ክራዮስታት ወይም ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ከሌላችሁ ከ1 እስከ 7 ያሉትን ደረጃዎች እናንተ ሥሩ። 8ኛውን ናሙናው የሚላክለት ላብ ይሠራዋል።

ደረጃ 1፦ ሪኩዌስቱን (የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቱን) ሙሉ

«ኔፍሮቲክ፣ አር/ኦ ሉፐስ» (ሽንቱ ብዙ ፕሮቲን አለው፣ ሉፐስ እንዳይሆን ይጣራ) ተብሎ የሚመጣ ወረቀት አይበቃም። የልጁ ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ በሽንት የታየው ፕሮቲንና ቀይ የደም ሴል፣ ክሬቲኒን፣ ሲ3ና ሲ4፣ ኤኤንኤ (የሉፐስ የደም ምርመራ)፣ የሄፓታይተስ ቢና የኤችአይቪ ውጤት፣ ስቴሮይድ ጀምሮ እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጻፍ። እግሩ ላይ ሽፍታ ወይም የሆድ ቁርጠት ከነበረውም ይጻፍ። ይህ ሁሉ ለምን? ማቅለሚያው ላይ የሚታየው ነገር ከልጁ ሁኔታ ጋር ካልተገናኘ ሁለትና ሦስት ስም ሊሰጠው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ብልቃጦቹ መርፌው ሳይገባ ይዘጋጁ

ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ሰዓትና የፈሳሹ ዓይነት በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ይጻፍ። ክዳኑ ላይ ሳይሆን ሆዱ ላይ። ክዳን ይቀያየራል። የሚሼል ፈሳሹን ፒኤች በወረቀት ለኩት፤ 7.0 እስከ 7.2 መሆን አለበት። ከዚያ ከወረደ ፕሮቲኑን አይጠብቅም፤ ድፉትና አዲስ አምጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሚሼል ፈሳሽ ውስጥ ያለው ኤን-ኢታይልማሌይማይድ መርዛማ ነው። ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ጓንት፣ መነጽርና ማስክ አድርጉ። ግሉታራልዴሃይድም ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል።

ደረጃ 3፦ ናሙናውን እዚያው እዩት

መርፌው (በልጆች ላይ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 18 ጌጅ ነው) ያወጣውን ክር የመሰለ ቲሹ ሳላይን ጠብ ባለበት ፔትሪ ሳህን ላይ በቀስታ አኑሩት። በወረንጦ አትቆንጥጡት። የተቆነጠጠ ቦታ ሴሉ ይጨፈለቅና ምንም አይነበብም። በስቴኪኒ ጫፍ እየገፋችሁ አንቀሳቅሱት።

አሁን በማይክሮስኮፕ በትንሹ ማጉያ እዩ። ኮርቴክስ (የኩላሊቱ ውጫዊ ክፍል) ከሆነ ቀላ ያሉ ክብ ነጠብጣቦች ታያላችሁ፤ እነሱ ግሎመሩለሶች (የኩላሊት ማጣሪያ ቋጠሮዎች) ናቸው። ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀይ መስመሮች ብቻ ከታዩ ሜዱላ (የውስጡ ክፍል) ነው። ሳላይን ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ስብ ነው።

ይህን የምታደርጉት ልጁ ገና አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ሐኪሙም ጓንቱን ሳያወልቅ ነው። ሜዱላ ብቻ ከወጣ ያኔውኑ ይነገረው። ከሊሙ ወይም ከጎማ ድረስ ልጇን አዝላ የመጣች እናት በሌላ ሳምንት ተመልሳ ልጇን ለሁለተኛ መርፌ አስተኚ ማለት ከባድ ነው። ለልጁም ሌላ የመድማት አደጋ ነው። ብዙ ቦታ ይህ ደረጃ ይዘለላል፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ የሚያተርፈው ግን ይሄ ነው።

ደረጃ 4፦ ክፈሉት

ሁለት ናሙና ከወጣ፦
1. ከእያንዳንዱ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ ግሉታራልዴሃይድ ውስጥ ክተቱ።
2. ኮርቴክሱ ያነሰበትን ሚሼል ፈሳሽ ውስጥ አድርጉ።
3. ኮርቴክሱ ይበልጥ የበዛበትን ፎርማሊን ውስጥ።

ኮርቴክስ በሁለቱም ብልቃጥ መኖሩን አረጋግጡ። አንዱ ሙሉ ኮርቴክስ፣ ሌላው ሙሉ ሜዱላ ከሆነ ሁለቱንም ለሁለት ቁረጡና አደባልቁ። አንድ አጭር ናሙና ብቻ ከሆነ ያለው፣ ኮርቴክስ ካለበት በኩል ሲሶውን ለሚሼል፣ የቀረውን ለፎርማሊን ስጡ። ኤሌክትሮኑን ተዉት። አስፈላጊ ከሆነ ከፓራፊን ብሎክ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል፤ ጥራቱ ቢቀንስም።

ለምን ፎርማሊኑ ይበልጣል? በተራ ማይክሮስኮፕ ጉዳቱ ስንት ግሎመሩለስ ላይ እንደደረሰ መቁጠር ስላለብን ነው። ለሉፐስ ቢያንስ 10 ግሎመሩለስ እንፈልጋለን። ለፍሎረሰንሱ ግን ጥቂትም ይበቃሉ፤ ክምችቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ላይ ስለሚገኝ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎርማሊን የነካ ምላጭ ወይም ስቴኪኒ ወደ ሚሼሉ ቁራጭ አይመለስ። መጀመሪያ የሚሼሉን ቁረጡ፣ ፎርማሊኑን መጨረሻ ላይ።

ደረጃ 5፦ መላክ

ፍሎረሰንሱ አዲስ አበባ የሚሠራ ከሆነ ወደ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ሳላይን በነካ ጎዝ ጠቅልሎ መላክ የሚቻለው ላቡ እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኖ በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ ከሆነ ብቻ ነው። ለረጅም መንገድ ሚሼል ይሻላል፤ ናሙናውን በክፍሉ ሙቀት ለቀናት ይጠብቀዋል። እኔ 5 ቀን እንዳያልፍ ነው የምመክረው።

በበረዶ ሳጥን ካልላክነው ብሎ የሚጨነቅ ሰው አይጠፋም። አያስፈልግም። ሚሼል ውስጥ ያለ ናሙና ከቀዘቀዘ በረዶው ቲሹውን ይበጣጥሰዋል። ዓርብ ከሰዓት የተላከ ናሙና ቅዳሜና እሑድ የሆነ ጠረጴዛ ላይ ማደሩ አይቀርም፤ ከተቻለ ባዮፕሲውን ሰኞ ወይም ማክሰኞ አድርጉት።

ደረጃ 6፦ ፓራፊን እና መቁረጥ

ናሙናው ቀጭን ስለሆነ በቀጭን ወረቀት ጠቅልላችሁ ካሴት ውስጥ አስገቡት። ስፖንጅ አትጠቀሙ፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ያወጣበታል። አንድ ጠብታ ኢዮሲን ብታደርጉበት ብሎኩ ውስጥ የት እንዳለ በቀላሉ ይታያል።

ማይክሮቶም ላይ ስትወጡ ለትልቅ ቲሹ የለመዳችሁትን እጅ ቀይሩ። ብሎኩን «ለማስተካከል» ተብሎ የሚጣለው የመጀመሪያ ቁራጭ ውስጥ ግማሹ የልጁ ኩላሊት ሊሄድ ይችላል። ቲሹው መታየት ከጀመረ ጀምሮ ሁሉንም ስላይድ ላይ አንሱ። ውፍረቱ 2 ማይክሮን፣ ቢበዛ 3። ወፍራም ከሆነ ሴሎቹ እርስ በርስ ይደራረቡና ጤነኛው ግሎመሩለስ ሴል የበዛበት ይመስላል። በመሃል ጥቂት ስላይዶች ሳይቀለሙ ይቀመጡ፤ በኋላ ይፈለጋሉ።

ደረጃ 7፦ አራቱ ቀለሞች

እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው።

ኤች ኤንድ ኢ የሴሉን ብዛትና ዓይነት ያሳያል፤ ኒውትሮፊል ገብቷል ወይ፣ የተሰባበረ ኒውክለስ አለ ወይ።

ፓስ ሜሳንጂየሙንና (የግሎመሩለሱን መሃል ደጋፊ ቲሹ) የግድግዳውን ድንበር ያሳያል። ፔሪዮዲክ አሲድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሺፍ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በሚፈስ የቧንቧ ውሃ 10 ደቂቃ ያህል። ቀለሙ ወደ ደማቅ ሮዝ የሚወጣው በውሃው ጊዜ ነው፤ ቧንቧ በተቋረጠበት ቀን ውሃ በጀሪካን ይዛችሁ ደጋግማችሁ ቀይሩ እንጂ ጊዜውን አታሳጥሩ። ሺፉ ገና ከጠርሙሱ ሮዝ ከሆነ ሞቷል።

ጆንስ ሲልቨር የማጣሪያውን ግድግዳ ጥቁር መስመር አድርጎ ያወጣል። ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጡ እሾኮች ሜምብራነስን (የማጣሪያው ግድግዳ የሚወፍርበት በሽታ)፣ ድርብ መስመር ደግሞ ሜምብራኖፕሮሊፈራቲቭ አሠራርን (ግድግዳው ወፍሮ ሴልም የሚበዛበት) ያመለክታሉ። አስቸጋሪው ቀለም ይሄ ነው። በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀመጣል፤ ሰዓት አይቶ ብቻ ማውጣት አይቻልም። ከ45 ደቂቃ በኋላ በየ5 ደቂቃው አውጥታችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ። ብርጭቆው በደንብ ያልታጠበ ከሆነ ወይም የቧንቧ ውሃ ከነካው ጥቁር አቧራ የመሰለ ነገር በሙሉ ስላይዱ ላይ ይበተናል። ዲስቲልድ ውሃ ብቻ። መብራት የመጥፋት ነገር ካለ ይህን ቀለም ጄኔሬተር መኖሩ ሳይረጋገጥ አትጀምሩ።

ማሶን ትራይክሮም ጠባሳውን ሰማያዊ፣ ትልልቅ ክምችቶችን ቀይ ያደርጋል። ቡዌን (ፒክሪክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ) የምትጠቀሙ ከሆነ ጠርሙሱ እንዳይደርቅ፤ የደረቀ ፒክሪክ አሲድ ይፈነዳል።

ደረጃ 8፦ ፍሎረሰንሱ

1. ቁራጩን ከሚሼል አውጥታችሁ በማጠቢያ ቡፈር ሦስት ጊዜ፣ በየ10 ደቂቃው እየቀየራችሁ እጠቡ። የሚሼሉ ጨው ካልወጣ ፀረ እንግዳ አካሉ በትክክል አይያያዝም።
2. ትርፍ ውሃውን በወረቀት ጫፍ ምጠጡ። ውሃ ከቀረ በረዶ ይሆንና ቲሹውን ይወጋጋዋል። ከዚያ ኦሲቲ ውስጥ በፍጥነት አቀዝቅዙት።
3. ክራዮስታቱን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ከዜሮ በታች አድርጉ። በ3 ወይም 4 ማይክሮን ቁረጡ። የመጀመሪያውን ቁራጭ በቶሉዲን ብሉ ቀልማችሁ ግሎመሩለስ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ውድ ሪኤጀንት አታባክኑ፤ ወደ ውስጥ ቁረጡ።
4. ስላይዶቹን በአየር አድርቁ። ጅማ ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ 30 ደቂቃ ላይበቃ ይችላል፤ ትንሽ የአየር ማራገቢያ (ቬንትሌተር) ይረዳል። በቀዝቃዛ አሴቶን 10 ደቂቃ አቆዩ። አሴቶን ይቀጣጠላል፤ እሳት አጠገብ አይሁን።
5. በፒቢኤስ እጠቡ። ለእያንዳንዱ ፀረ እንግዳ አካል አንድ ስላይድ መድቡ። ስንት እጥፍ እንደሚቀጠን ራሳችሁ በሚታወቅ ናሙና ሞክራችሁ ወስኑ፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር መነሻ ብቻ ነው።
6. እርጥበት ባለው ሳጥን፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። ስላይዱ መሃል ላይ ከደረቀ ጠርዙ በሙሉ አረንጓዴ ያበራል፤ ያ ውጤት አይደለም።
7. ሦስት ጊዜ 5 ደቂቃ እጠቡ፣ በማይደበዝዝ ማውንቲንግ ሸፍኑ።

በየዙሩ ሁለት ኮንትሮል ይኑር፦ አንድ ቀደም ብሎ አዎንታዊ የሆነ ናሙና፣ አንድ ፀረ እንግዳ አካል ያልተደረገበት ስላይድ። ያለ ኮንትሮል የተጻፈ «ኔጋቲቭ» ዋጋ የለውም፤ ሪኤጀንቱ ሞቶ ይሁን በሽታው የለም ይሁን መለየት አይቻልም።

ደረጃ 9፦ ማንበብ

ያኔውኑ አንብቡ፣ ያኔውኑ ፎቶ አንሱ። ብርሃኑ ራሱ ቀለሙን ያጠፋዋል። ለእያንዳንዱ ስላይድ አራት ነገር ጻፉ፦ ስንት ግሎመሩለስ እንዳለ፣ ክምችቱ የት እንደሆነ (ሜሳንጂየም፣ የካፒላሪ ግድግዳ፣ ቱቡል፣ የደም ሥር)፣ መልኩ (የተበተነ ጤፍ የመሰለ ወይስ ያልተቋረጠ ቀጭን መስመር)፣ ጥንካሬው ከ0 እስከ 3።

- አይጂኤ ከሌሎቹ በልጦ ሜሳንጂየም ላይ ከታየ፦ አይጂኤ ኔፍሮፓቲ ወይም አይጂኤ ቫስኩላይተስ (የደም ሥር ብግነት)። ኩላሊቱ ላይ ሁለቱ አይለያዩም፤ የእግር ሽፍታውና የሆድ ቁርጠቱ ነው የሚለያቸው።
- አይጂጂ፣ አይጂኤ፣ አይጂኤም፣ ሲ3 እና ሲ1ኪው ሁሉም ካበሩ (ፉል ሀውስ የምንለው)፦ ሉፐስን አስቡ። ቱቡሉ ግድግዳ ላይም ካለ ይበልጥ ያጠናክረዋል። ግን ኤችአይቪም ሉፐስ የሚመስል ክምችት ሊያመጣ ይችላል። ሪኩዌስቱ ላይ ውጤቱን የጠየቅነው ለዚህ ነው።
- አይጂጂ በጥቃቅን ነጥብ ግድግዳው ላይ ብቻ፦ ሜምብራነስ። በልጅ ላይ ሲሆን ሄፓታይተስ ቢን ሳታጣሩ አትለፉ። ሲ1ኪውና የሜሳንጂየም ክምችት ከተጨመረበት ወደ ሉፐስ ተመለሱ።
- ሲ3 ብቻውን ወይም በጣም በልጦ፦ ከኢንፌክሽን በኋላ የመጣ ብግነት ወይም ሲ3 ግሎመሩሎፓቲ። የመጀመሪያው በልጆች ላይ ብዙ የሚያሳስተን ነው። የደም ሲ3ን በኋላ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።
- አይጂጂ በቀጥታ መስመር፦ አንቲ ጂቢኤም (ፀረ እንግዳ አካል የማጣሪያውን ግድግዳ ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ)። በልጅ ላይ ብርቅ ነው፤ ግን ሪፖርቱ እስኪታተም አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ለሐኪሙ ይደወል። አልቡሚኑም በተመሳሳይ መስመር ካበራ ግን የተለየ ትርጉም የለውም። አልቡሚን የምንቀልመው ለዚህ ማነጻጸሪያ ነው።
- ምንም የለም፦ ተራው ስላይድ ላይ ክሬሰንትና (ግሎመሩለሱን ጨረቃ መስሎ የከበበ የሴል ክምር) የሞተ ቲሹ ካለ ከአንካ (በደም የሚመረመር ፀረ እንግዳ አካል) ጋር የተያያዘ ቫስኩላይተስ፣ ግሎመሩለሱ ጤነኛ ከመሰለ ሚኒማል ቼንጅ (በተራ ማይክሮስኮፕ ለውጥ የማይታይበት በሽታ)።

ልጅን ስታነቡ አንድ ጥንቃቄ አለ። የጨቅላ ግሎመሩለስ ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ሴሎች ተጨናንቀው ተደርድረዋል። ይህ ተፈጥሮው ነው። አዋቂ ብቻ ያነበበ ዓይን ክሬሰንት ብሎ ሊጽፈው ይችላል።

ደረጃ 10፦ ሪፖርቱ

ሉፐስ ከሆነ በአይኤስኤን/አርፒኤስ (የዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምናና የኩላሊት ፓቶሎጂ ማኅበራት) ምድብ ከ1 እስከ 6 ይመደብ (የ2003ቱ፣ በ2018 የተሻሻለው)። ጉዳቱ ከግሎመሩለሶቹ ከግማሽ በታች ላይ ከሆነ ምድብ 3፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ከሆነ ምድብ 4 ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩ ላይ የምንጨቃጨቀው። አክቲቪቲና ክሮኒሲቲ ኢንዴክሱም (አሁን ያለውንና የቆየውን ጉዳት የሚለካ ነጥብ) ይጻፍ፤ ሐኪሙ ከባድ መድኃኒት ለመጀመር የሚወስነው ያንን አይቶ ነው። አይጂኤ ኔፍሮፓቲ ከሆነ ደግሞ የኦክስፎርድ ውጤት (የዚህ በሽታ ጉዳት መለኪያ)።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ደረቅ ጎዝ ላይ ማስቀመጥ። ናሙናው ይጣበቃል፣ ይደርቃል። ሳላይን ውስጥ መዝፈቅም ያው ነው፤ ያብጣል።

ጠባሳ ላይ ያለ አይጂኤምና ሲ3ን እንደ በሽታ መቁጠር። ጠባሳ የሆነ ቦታ ፕሮቲን ያጠምዳል። ሌሎች ግሎመሩለሶች ላይ ከሌለ ተዉት።

የደም ሥር ግድግዳ በራሱ ማብራቱን እንደ ክምችት ማንበብ። ያልተቀለመው ኮንትሮል ላይም ካበራ የቲሹው የራሱ ብርሃን ነው።

በአንድ ግሎመሩለስ ላይ ተመሥርቶ «ፎካል (አንዳንድ ግሎመሩለሶች ላይ ብቻ ያለ) ጉዳት የለም» ማለት። አንድ ግሎመሩለስ ሜምብራነስን ወይም አንቲ ጂቢኤምን ሊያሳይ ይችላል፤ እዚህም እዚያም የተበተነ ጉዳትን ግን አያስተባብልም።

እና ዋናው፦ ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ መጨመር። ይህ ከሆነ ናሙናውን አትጣሉ። ብሎኩ ከተሠራ በኋላ ከተቀመጡት ያልተቀለሙ ስላይዶች ላይ በፕሮቲኔዝ ኬ ወይም በፕሮኔዝ (ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች) ፕሮቲኑን ከፍቶ ፍሎረሰንስ መሥራት ይቻላል። አይጂኤና አይጂጂ ብዙ ጊዜ ይወጣሉ። ሲ3 ይደክማል፤ አንቲ ጂቢኤምንም በዚህ መንገድ አታስተባብሉ። ሪፖርቱ ላይ «ከፓራፊን የተሠራ» ተብሎ ይጻፍ፣ የቀረው ብሎክም የልጁ ሕክምና እስኪያልቅ በስሙ ይቀመጥ።